ሳሙና በቤት ውስጥ፦ ለድሬ ሙቀትና ለድሬ ውሃ

ድሬ ላይ ሳሙና ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰውን መጀመሪያ የሚያሳስተው ኢንተርኔት ላይ ያለው የሳሙና አሠራር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ ሹራብ ለብሳለች። ኩሽናዋ ቀዝቃዛ ነው፣ ከቧንቧዋ የሚወርደው ውሃ ኖራ የለውም፣ ሳሙናውን ፎርማ ውስጥ ካፈሰሰች በኋላ እንዳይበርደው ብላ በፎጣ ትጠቀልለዋለች። እኔም አምኛት እንዳለችው አደረግኩ። ወሩ ሰኔ ነበር። ያፈሰስኩትን ሳሙና በካርቶኑ እንዳለ በጋቢ ጠቅልዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሳሙናው እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሎ፣ መሃሉ ተተርትሮ፣ ከካርቶኑ አልፎ ጋቢው ላይ ፈሷል። ጋቢው የእናቴ ነበር። እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሞቃት ቤትና ኖራ ለበዛበት ውሃ ነው። ሐረር ያላችሁም አንብቡት፤ ለእናንተ የሚለወጠውን በየቦታው እነግራችኋለሁ። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው፣ በ50 ኪሎ ሜትር ልዩነት የሁለታችን ሳሙና ጠባዩ አይገናኝም። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ኮስቲክ የሌለበት ሳሙና የለም

«ኬሚካል የለውም» እየተባለ የሚሸጥ ሳሙና አይታችኋል። አቦ፣ ተዉት። ሳሙና ማለት ዘይት (ወይም ሞራ) ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው ቆዳ የሚያቃጥል ነጭ ኬሚካል ጋር ተዋህዶ ሁለቱም መልካቸውን ለውጠው የሚወጣ ነገር ነው። በትክክል ከተመዘነ መጨረሻ ላይ ኮስቲኩ አይተርፍም፤ የሚቀረው ሳሙናና ግሊሰሪን ነው። «የተፈጥሮ» የምንለውም ዘይቱን ራሳችን ስለመረጥን፣ ግሊሰሪኑ ውስጡ ስለቀረና ያላወቅነው ነገር ስላልገባበት ነው እንጂ ኮስቲክ ስላልነካው አይደለም።

ሳይመዘን፣ ያለ ኮስቲክ አረፋ የሚሰጡ ተክሎች አሉን፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሶማሌ እናቶች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ቀሲል ከቁርቁራ ቅጠል ይፈጫል፣ ውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው አረፋ የሚያወጣው። እንዶድም እንደዚያው። ያ እንዶድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዚያን የመከላከሉን ምርምር የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል። «ተፈጥሮ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

የአያቶቻችን የአመድ ውሃም አለ። ይሠራል፣ ግን ጉልበቱ በየምድጃው ይለያያል፣ የሚወጣውም ለስላሳና የሚልመጠመጥ ሳሙና ነው። ለገላ የሚሆን ሳሙና ለመሥራት በሚዛን የሚለካ ኮስቲክ ይሻላል።

ዕቃ

ሚዛን ከሌላችሁ አትጀምሩ። በኩባያና በማንኪያ ተለክቶ የሚሠራ ሳሙና ወይ ቆዳ ያቃጥላል ወይ ዘይት ሆኖ ይቀራል። 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ፈሳሹንም ጭምር በግራም ነው የምንመዝነው፣ በሚሊ ሊትር አይደለም፤ ዘይት ከውሃ ይቀላልና አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይመጣም።

ድስት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤታችን ያለው ድስት አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ደግሞ አልሙኒየም ይበላል፤ ሲበላው ይንጨረጨራል፣ ድስቱ ይጠቁራል፣ በእሳት የሚያያዝ ሃይድሮጅን ያወጣል። ስለዚህ ስቴንለስ ብቻ። የምታማስሉበት ማንኪያም ስቴንለስ ወይ ሲሊኮን ይሁን፤ እንጨት ይሠራል ግን ኮስቲኩ ቀስ በቀስ እየፈተለ ይጨርሰዋል።

ኮስቲኩን ለመበጥበጥ ወፍራም የፕላስቲክ ጆግ። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበትን ፈልጉ፣ ሙቀት ይችላል። ብርጭቆ አይሁን። ኮስቲክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ብርጭቆ ድንገት ጧ ሊል ይችላል።

ከዚያ በእጅ የሚያዝ ብሌንደር (ዘንጉ ስቴንለስ የሆነ)፣ ዓይንን ከጎን ጭምር የሚሸፍን መነጽር፣ የላስቲክ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ። ነጠላ ጫማ አታድርጉ። አውቃለሁ፣ ድሬ ላይ ነጠላ ጫማ አታድርጉ ማለት ቀልድ ይመስላል። ግን አታድርጉ።

ለፎርማ ባዶ የጁስ ወይም የወተት ካርቶን በቂ ነው። ብዙዎቹ ካርቶኖች ግን ውስጣቸው የአልሙኒየም ሽፋን አለው፣ ስለዚህ በኬክ ወረቀት ወይም በፌስታል ሳታለብሱ አታፍስሱበት። የጫማ ካርቶንም ወረቀት ካለበሳችሁት ይሆናል።

ስለ ኮስቲክ፣ ሳልሳሳቅ

ስትገዙ «ሶዳ» ብቻ ብላችሁ አትግዙ። ቤኪንግ ሶዳ ሌላ ነው፣ ሶዳ አሽ ሌላ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እንደ ነጭ ቅርፊት ወይም እንደ ትንንሽ ዶቃ ሆኖ ይመጣል። ለቧንቧ መክፈቻ ተብሎ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለውን ተዉት፣ ንጹሑን ጠይቁ። አየር ላይ ካደረ እርጥበት ስቦ ይያያዛል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አስቀምጡት።

አንድ ሕግ አለ፣ ልክ እንደ ስማችሁ ያዙት፦ ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል። ውሃው ወደ ኮስቲኩ አይጨመርም። ከተገለበጠ ፈንድቶ ፊታችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው፣ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። ለአንድ ደቂቃም። መልኩ ውሃ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ሃይላንድ ያየ ሁሉ ያነሳና ይጠጣል። ልጆች ከሌሉበት ሰዓት ሥሩ፣ በሩን ዝጉ።

ቆዳ ላይ ከነካ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ በብዙ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ እዚያው ይሞቅና ሌላ ቃጠሎ ይጨምራል። ዓይን ከገባ 20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት። የጠጣ ሰው ካለ አታስመልሱት፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አሁን ጥያቄው ውሃው ነው። ድሬ ላይ ቧንቧ ሲፈለግ አይገኝም፣ ስለዚህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የሞላ 20 ሊትር ጀሪካንና ጆግ አጠገቤ አቆማለሁ። ጀሪካን ባዶ በሆነበት ቀን ሳሙና አይሠራም፣ በቃ።

የውሃው ነገር

ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፣ ኖራ በሉት። ሳሙና ይህን ኖራ ሲያገኝ ከሱ ጋር ይጣበቅና አረፋ መሆኑ ቀርቶ ባልዲ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ቆሻሻ ይሆናል። ድሬ ላይ ሳሙና ቶሎ አላረፋ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሳሙናው ውስጥ የሚገባው ውሃ ራሱ ኖራ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

እኔ የምጠቀመው የባትሪ ውሃ ነው፣ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራው። የመኪና መለዋወጫ ሱቆች አላቸው። መጀመሪያ ስገዛ ልጁ «አሲዱን ነው ውሃውን?» አለኝ። ይባረክ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ሊመጡ ይችላሉ፣ አሲዱ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ከኮስቲክ ጋር ቢገናኝ ኩሽናችሁን ለቃችሁ ነው የምትወጡት። ጠይቁ፣ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከተጠራጠራችሁ ተዉትና የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግዙ። በክረምት ንጹሕ ዕቃ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ተጣርቶ ይሆናል።

ይህ ሳሙናው ውስጥ ያለውን ውሃ ነው የሚያስተካክለው፤ የምትታጠቡበትን ውሃ አይለውጠውም። ለእሱ የሚረዳ አንድ ነገር አለ፦ ሲትሪክ አሲድ። ለ1 ኪሎ ዘይት 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ ውሃው ውስጥ አስቀድማችሁ ታሟሙና፣ እሱ ኮስቲክ ስለሚበላ ከተለመደው ኮስቲክ ላይ 6 ግራም ትጨምራላችሁ። ኖራውን ይይዝላችኋል፣ ባልዲው ላይ የሚለጠፈውም ይቀንሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ዝለሉት። መጀመሪያ ቀላሉን ሥሩ።

ዘይቶቹ

ፓልም ሳሙናውን ያጠነክራል። ድሬ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ነው የምናገኘው፣ ሐረር ጠዋት ላይ ግማሹ ረግቶ ይጠብቃችኋል። የረጋው ክፍልና የፈሰሰው ክፍል አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ከመመዘናችሁ በፊት ጀሪካኑን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙና ሁሉም ሲቀልጥ በደንብ ነቅንቃችሁ ቅዱ። እህቴ ይህን ሳታደርግ ከላይ ከላይ እየቀዳች ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ዓይነት ሳሙና አወጣች።

ኮኮናት አረፋውን ይሰጣል። ውድ ነው፣ ግን በተለይ ኖራ ባለበት ውሃ እሱ ከሌለ አረፋ አትጠብቁ። ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ቆዳ ያደርቃል።

የሱፍ ዘይት ለስላሳ ያደርገዋል። ኑግም ይሆናል። ሁለቱም ከበዙ ሳሙናው ከጥቂት ወር በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣና የቆየ ዘይት ይሸታል፣ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ከሲሶ አታሳልፉ። ብስኩት የተጠበሰበት ዘይት ለወለል ሳሙና ካልሆነ አይሆንም።

ጉሎ ዘይት ትንሽ ብቻ፣ አረፋው ቶሎ እንዳይጠፋ። በየወንዙ ዳር የምታዩት ጉሎ ነው፣ ግን ፍሬውን ለቅማችሁ እቤት ልጭመቅ እንዳትሉ፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ዘይቱን ተጣርቶ የተሸጠውን ግዙ።

ሞራ ሌላ ዓለም ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነጭ ሳሙና ይሰጣል፣ በድሬ ሙቀት እንኳ አይላላም። ግን ለጎረቤት ስጦታ ስትሰጡ አስቡበት፤ እኛ ግቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞራው የማን ቢላ ነው?» የሚል ነው፣ ከሁለቱም ወገን። ጠያቂውም ልክ ነው። ስለዚህ የሚሰጠውን በአትክልት ዘይት፣ የቤቱን በሞራ እሠራለሁ።

ሞራ ለማንጠር፦ በትንሹ ክተፉ፣ በድስት ከውሃና ከአንድ ማንኪያ ጨው ጋር በቀስታ እሳት አፍሉ፣ ስቡ ሲቀልጥ በጨርቅ አጥሩ፣ ይቀዝቅዝ። ስቡ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከታች ይቀራል። ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። መስኮት ክፈቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅባችኋል።

መጠኑ

ለ1 ኪሎ ዘይት፣ እኔ አዘውትሬ የምሠራው ይህ ነው፦

ፓልም 400 ግራም
ኮኮናት 250 ግራም
የሱፍ ዘይት 300 ግራም
ጉሎ ዘይት 50 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 141 ግራም
የተጣራ ውሃ 280 ግራም

ሲደርቅ ከ12 እስከ 14 የሚሆኑ፣ 100 ግራም አካባቢ የሚመዝኑ ሳሙናዎች ይወጡታል። በሞራ መሥራት ለፈለገ፦ 700 ግራም የነጠረ የበሬ ሞራ፣ 300 ግራም የሱፍ ዘይት፣ 131 ግራም ኮስቲክ፣ 260 ግራም ውሃ። አረፋው ያንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል።

ዘይት መለወጥ ትችላላችሁ፣ ኮስቲኩን ሳታሰሉ ግን አትለውጡ። እያንዳንዱ ዘይት የራሱ ቁጥር አለው። ፓልም 0.141፣ ኮኮናት 0.183፣ ሱፍ 0.134፣ ጉሎ 0.128፣ የበሬ ሞራ 0.140። የዘይቱን ግራም በቁጥሩ ታበዛላችሁ፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ፣ ከድምሩ 5 በመቶ ትቀንሳላችሁ። ያ የተቀነሰው 5 በመቶ ጥቂት ዘይት ሳሙና ሳይሆን እንዲተርፍ ያደርጋል፣ ለቆዳ ልስላሴም ለሚዛን ስህተትም መጠባበቂያ ነው። የላይኛውን ብታሰሉት፦ 56.4 እና 45.75 እና 40.2 እና 6.4፣ ድምሩ 148.75፤ 5 በመቶ ሲቀነስ 141። ውሃው የኮስቲኩ እጥፍ ግድም ነው።

ሥራው

ሰዓት ምረጡ። እኔ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እጀምራለሁ። ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ልጆች ተኝተዋል፣ ያልፈለግኩት ሰው በር አያንኳኳም። ከምሳ በኋላ አይታሰብም፣ ሙቀቱም አለ፣ ሰዉም በርጫ ላይ ነው፣ አንድ ነገር ቢገጥም የሚነሳ የለም።

ውሃውን ጆጉ ውስጥ መዝኑ። ኮስቲኩን በሌላ ደረቅ ዕቃ መዝኑ። ጆጉን ደጅ ወይም መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ፣ መነጽርና ጓንት ከለበሳችሁ በኋላ፣ ኮስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ላይ እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ወዲያው ይሞቃል፣ የሚኮሰኩስ ጭስ ያወጣል፣ ፊታችሁን አዙሩ። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይጠራል። ጥርት ካላለ ሥሩ ያልሟሟ ቅርፊት አለና ማማሰላችሁን ቀጥሉ።

ከዚያ ይቀዝቅዝ። ቪዲዮዎቹ 40 ዲግሪ ይላሉ፣ ድሬ ላይ ግን ቤቱ ራሱ 30 ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል። ጆጉን ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ መሃል አቁሙት፣ የሳፋው ውሃ ወደ ጆጉ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። እኔ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እጠቀመዋለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጆጉን ከውጭ በእጅ ንኩት፣ ለብ ያለ ነገር ከሆነ ደርሷል። ሐረር ላይ 40 ይሁን፣ አለዚያ ፓልሙ መሃል መንገድ ላይ መርጋት ይጀምርና የተዋሐደ ይመስላችኋል። ሞራ ከሆነ ድሬም ላይ ቢሆን ዘይቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን።

ዘይቶቹን ስቴንለስ ድስት ውስጥ አንድ ላይ አሙቁ፣ ኮኮናቱ ከቀለጠ ይበቃል። ሙቀቱ ከጆጉ ጋር ሲቀራረብ ኮስቲኩን ቀስ ብላችሁ በቀጭኑ ዘይቱ ላይ አፍስሱ። ብሌንደሩን አስገቡ፣ ወደ አንድ ጎን ጋደል አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ ከዚያ አብሩ። አምስት ሰከንድ አብሩ፣ አጥፉና በሱ አማስሉ፣ እንደገና አብሩ። ዝም ብላችሁ ካንቦገቦጋችሁት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ይሆንባችኋል፣ በድሬ ሙቀት በተለይ።

የምትጠብቁት መጀመሪያ እንደ ቀጭን አጥሚት መሆኑን ነው። ማንኪያውን አንስታችሁ ስታንጠባጥቡት ጠብታው ላዩ ላይ ትንሽ ምልክት ትቶ ቀስ ብሎ ይጠፋል። የዘይት መስመር እዚህም እዚያም አይታይም፣ መልኩ ወጥ ሆኗል። እዚህ ላይ ብሌንደሩን አጥፉ። ሽታም ቀለምም የምትጨምሩ ከሆነ አሁን ነው፣ በእጅ አማስሉ፣ አፍስሱ።

መብራት ከሄደ አትደንግጡ። ዞሮ ዞሮ አያቶቻችን በብሌንደር አልሠሩም። በእጅ ያለማቋረጥ ማማሰል ነው፣ 40 ደቂቃም አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ ይደርሳል። እኔ አንዴ ከባለቤቴ ጋር እየተቀያየርን አማስለነዋል፣ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ልሙጡ እሱ ነው።

ካፈሰሳችሁ በኋላ ፎርማውን ሁለት ሦስቴ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ አየሩ ይውጣ። እና አትጠቅልሉት! ድሬ ላይ ሳሙና አይበርደውም። ባዶ የሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ ቬንትሌተሩ ወደ እሱ ይዙር። ውስጡ ከኮስቲኩ የተነሳ ራሱን ያሞቃል፣ መሃሉ ለሰዓታት ጄሊ መስሎ ሊጨልም ይችላል፣ ችግር የለውም። ከመሃሉ ኩፍ ማለትና መሰንጠቅ ከጀመረ ግን ሙቀቱ በዝቷል፣ ወደሚቀዘቅዝ ቦታ አንቀሳቅሱት። ሐረር፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ እዚያ ነው የፎጣው ነገር የሚሠራው።

ድስቱንና ብሌንደሩን ወዲያው አትጠቡ። በወረቀት ጠራርጋችሁ እስከ ነገ ተዉት፣ የተረፈው ራሱ ሳሙና ይሆንና በሙቅ ውሃ ይለቃል። ለነገውም ጓንት አድርጉ።

ሽታና ቀለም

ሽቶ አትጨምሩ። ልብስ ላይ የሚነፋው ሽቶ አልኮል አለው፣ አልኮሉ ሳሙናውን ድስት ውስጥ እንዳለ ያደርቀዋል። መዓዛ ያላቸው የተክል ዘይቶች (ኢሴንሻል ኦይል የሚባሉት) ግን ይሆናሉ፣ ለ1 ኪሎ ከ20 እስከ 30 ግራም፣ ከዚያ በላይ ቆዳ ይቆጣል።

ከቤታችን የሚሆነው ብዙ ነው። የተፈጨ ቀሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ። አረንጓዴው ከሳምንታት በኋላ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ኮስቲክ ቅጠል አይምርም። ትንሽ እርድ ብርቱካናማ ቢጫ ይሰጣል። በውሃው ፈንታ ቀዝቅዞ የተጣራ ቡና ተጠቀሙ፣ ቡኒ ይሆናል፣ ሽንኩርት የነካ እጅንም ደህና አድርጎ ያጥባል። የሐረር ቡና መሆኑ ለሳሙናው ለውጥ አያመጣም፣ መልካሙን ጠጡትና ሦስተኛውን ቀቅሉለት። ከበራችን ላይ ያለውን የኒም ቅጠል አድርቄ ዘይት ውስጥ ለሳምንታት ዘፍዝፌ አውቃለሁ። የሚወዱት አሉ፣ እኔ ሽታውን አልቻልኩትም።

የግመል ወተት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይቻላል፣ ግን ወተቱ ውስጥ ያለው ስኳር በኮስቲኩ ሙቀት ያርራል፣ ብርቱካናማ ይሆንና አሞንያ ይሸታል። መላው ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆይቶ፣ የበረዶው ኩብ ላይ ኮስቲኩን በጣም በጣም ቀስ ብሎ መነስነስ ነው። ማርም እንዲሁ ያሞቀዋል፣ ድሬ ላይ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፉ። የተፈጨ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ትኩስ እሬት ዝም ብሎ መክተት ደግሞ ለማማር ነው፤ ይሻግታል።

መቁረጥና ማሰንበት

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ጠንካራ አይብ ሲመስል፣ በጓንት አውጥታችሁ ቁረጡ። የገበያ ቢላ ይበቃል። ብዙ ከዘገያችሁ እንደ ድንጋይ ይሰበራል።

አሁን ሁሉም ሰው የሚያጭበረብርበት ክፍል ነው። ሳሙናው ተቆርጧል፣ ያምራል፣ ይሸታል፣ ለመሞከር እጅ ያሳክካል። ጠብቁ። መደርደሪያ ላይ ወረቀት አንጥፋችሁ ሳታነካኩ ደርድሩት፣ ነፋስ ይግባበት፣ ፀሐይ አይምታው፣ በየሳምንቱ አገላብጡት። ድሬ አየሩ ደረቅ ስለሆነ 4 ሳምንት ይበቃል፤ ሐረር 6። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላዩ ላብ ያወጣል፣ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚስብ ነው፣ በጨርቅ አድርቁት እንጂ አትጣሉት።

ሲደርስ ጣታችሁን አርጥባችሁ ሳሙናውን አሹና አረፋውን በምላስ ጫፍ ንኩ። ሳሙና ሳሙና ካለ ደህና ነው። እንደ ባትሪ ከነዘረ ኮስቲክ ተርፏል፣ ለገላ አይሆንም። በደንብ የተሠራ ሳሙናም ቢሆን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ9 እስከ 10 ግድም ነው፣ ፊታቸው ደረቅ ለሆነና ለሕፃን ቆዳ እኔ አልመክርም።

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ግድ የለም፣ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ያነሳዋል። ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ ጠጣር እንክብል ወይም የሚፈስ ፈሳሽ ኪስ ካገኛችሁ ግን ኮስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ያን ለማንም አትስጡ። ኩፍ ብሎ የተሰነጠቀው መልኩ ቢያስጠላም ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ይታጠቡበታል፤ ያንን የጋቢውን ሳሙና እኛ እስከ መጨረሻው ልብስ አጥበንበት ጨርሰነዋል።

የደረሰውን በወረቀት ጠቅልሉት፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ አታፍኑት፣ በላዩ ላይ ቀኑንና የዘይቱን ዓይነት ጻፉ። ደግሞ የት እንደምታስቀምጡት አስቡ፣ ሳሙና ሽታ ይጠጣል። እኔ አንዴ 12 ሳሙና ከበርበሬው ጋር አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር።